ከካድ ወደ ኤክሴል፦ የዕቃ ዝርዝሩን በየት በኩል ላውጣው?

ዕቃ የሚገዙልን ጋሼ ከመርካቶ ተመልሰው ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። 14 ኤም10 ቡሎን ከነዳዶው። «ዝርዝሩ የሚለው ይኸው ነው። አንተ ልጅ፣ ራስህ ደምረው» አሉ። ደመርኩት። 6 እና 8፣ 14። ወርክሾፑ የሚጠብቀው ግን 32 ነበር።

የሚያንገበግበው የ18 ቡሎን ዋጋ አይደለም። ቢሯችን ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ከዚያ በተክለ ሃይማኖት አድርጎ መርካቶ መግባት ካርታ ላይ ሲያዩት ቅርብ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ በዝናብ፣ በታክሲ ሲሆን ሌላ ታሪክ ነው። በዚያ ላይ በያጁ ሥራ ፈትቶ ቆሟል።

ጥፋቱ የጋሼ አልነበረም። የሶፍትዌሩም አልነበረም። የበቆሎ መፈልፈያውን የዕቃ ዝርዝር ከካድ፣ ማለትም ድሮዊንግ በኮምፒውተር ከምንሠራበት ፕሮግራም፣ ወደ ኤክሴል ያወጣሁት እኔ ነኝ። ካሉት የዝርዝር ዓይነቶች የማይሆነውን መርጬ፣ «ኦኬ» ብዬ፣ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ከአምስት ኪሎ ለኢንተርንሺፕ የሚመጡ ልጆች «ለፓርት ሊስት (ለዕቃ ዝርዝር) የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ከታች እመለስበታለሁ። ግን በመጀመሪያ ሁለት ነገር ልወቅ እላቸዋለሁ። ፋይሉን የሚከፍተው ማነው? ድሮዊንጉስ ገና ስንት ጊዜ ይቀየራል? የእነዚህ መልስ ከታወቀ ምርጫው ግማሹ አለቀ።

በእጅ መገልበጥ ነውር አይደለም

ማሽኑ 10 ወይም 12 ዓይነት ዕቃ ብቻ ካለውና ደንበኛው ፈርሞ ከጨረሰ፣ ኤክሴል ከፍታችሁ በእጃችሁ ጻፉት። እውነቴን ነው። ኤክስፖርቱን ለማስተካከል ከምታጠፉት ጊዜ ያነሰ ይወስዳል። በእጅ ስትጽፉ ደግሞ እያንዳንዱን ዕቃ ታዩታላችሁ፤ የተረሳ ሮንደላ የሚገኘው ያኔ ነው።

ድሮዊንጉ አንዴ ከተቀየረ ግን በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ውሸት መናገር ይጀምራል። ሁለተኛ ጊዜ መቀየሩ የማይቀር ከመሰላችሁ አትጀምሩት።

መጀመሪያ የዝርዝሩን ዓይነት ምረጡ

ወደ 14ቱ ቡሎኖች ልመለስ። የመፈልፈያው እግር አንድ ንዑስ አሴምብሊ ነው፤ ለብቻው ተገጣጥሞ ትልቁ ማሽን ውስጥ የሚገባ ማለት ነው። በአንድ እግር ላይ 6 ቡሎን አለ። እግሩ ደግሞ 4 ነው። ስለዚህ ለእግሮቹ ብቻ 24 ቡሎን ያስፈልጋል። የሞተሩ ማስቀመጫ 8 ይጨምርበታል። 32 የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ያወጣሁት ደረጃ ያለውን ዝርዝር ነበር፤ እናት ከላይ፣ ልጆቿ ከሥሯ ገባ ብለው የሚጻፉበትን። እዚያ ላይ «እግር፣ 4» ይላል። ከሥሩ «ቡሎን ኤም10፣ 6» ይላል። ያ 6 ለአንድ እግር ነው። ሶፍትዌሩ አልዋሸም፤ በ4 ማባዛቱን ለአንባቢው ትቶታል። ጋሼ ደግሞ የዕቃ ዝርዝር ሲሰጣቸው ዕቃውን ይገዛሉ እንጂ አያባዙም። ደግም አደረጉ።

ለግዢ የሚሆነው ጠፍጣፋው ዝርዝር ነው። ሶሊድወርክስና ኢንቬንተር የሚባሉት ካዶች ሁለቱም «ፓርትስ ኦንሊ» (ክፍሎች ብቻ) ይሉታል። ንዑስ አሴምብሊዎቹን በሙሉ ያፈርስና ተመሳሳዩን ዕቃ በአንድ መስመር ሰብስቦ «ቡሎን ኤም10፣ 32» ብሎ ያስቀምጠዋል። ያ መስመር ቢኖር ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር።

ደረጃ ያለው ዝርዝር የወርክሾፑ ነው። ገጣሚው ምን ከምን ጋር እንደሚሄድ ማወቅ አለበት፤ ለእሱ 32 የሚለው ቁጥር ምንም አይነግረውም። ሦስተኛው ዓይነት የላይኛውን ደረጃ ብቻ ያሳያል፤ እግር፣ ከበሮ፣ ሞተር ማስቀመጫ፣ ሽፋን። እሱን ለደንበኛ ፕሮፎርማ ሳዘጋጅ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

«እንግዲያው ሁልጊዜ ፓርትስ ኦንሊ» እንዳትሉ። አንድ ወጥመድ አለው። የሞተሩን ሞዴል ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ራሱ አሴምብሊ ሆኖ ነው የሚመጣው። ጠፍጣፋው ዝርዝር እሱንም ያፈርሰዋል። የሞተሩ ክዳን፣ የማራገቢያው ሽፋን፣ የውስጥ ብሎኑ ሁሉ በግዢ ዝርዝሩ ላይ ይፈሳል። ጋሼ መርካቶ ገብተው የሞተር ክዳን ለብቻው ሲጠይቁ ይታያችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ኢንቬንተር ላይ ሞተሩን «ፐርቸስድ» በሉት፤ ተገዝቶ የሚመጣ ማለት ነው፤ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሶሊድወርክስ ላይ ደግሞ በአሴምብሊው ኮንፊገሬሽን ውስጥ ልጆቹ በዝርዝሩ ላይ እንዳይታዩ «ሃይድ» የሚል ምርጫ አለ።

አሁን ወደ ሶፍትዌሮቹ

ሶሊድወርክስ ለዚህ ሥራ በጣም የሚመች ነው። «ኢንሰርት»፣ «ቴብልስ»፣ «ቢል ኦፍ ማቴሪያልስ» ብላችሁ ሰንጠረዡን ድሮዊንጉ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ ሰንጠረዡ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ሴቭ አዝ»። ኤክሴል፣ ሲኤስቪ (በኮማ የተከፋፈለ ጽሑፍ፤ ከታች እመጣበታለሁ) ወይም ተራ ጽሑፍ ብሎ ያስመርጣችኋል። ኤክሴልን ስትመርጡ «ተምኔይልስ» የምትባል ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች። እሷን ምልክት አድርጉባት። በየመስመሩ የዕቃው ትንሽ ምስል አብሮ ይወጣል። ለወርክሾፕ ሰው ይህች ምስል ከሦስት ኮለም ጽሑፍ ትበልጣለች። ተመሳሳይ የሚመስሉ የግራና የቀኝ ላሜራዎች ሲኖሩ በተለይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዝርዝሩ ላይ የሚወጣው ስም ብዙ ጊዜ የፋይሉ ስም ነው። ፋይላችሁን «ፓርት1»፣ «ፓርት1 የመጨረሻ»፣ «ፓርት1 እውነተኛ የመጨረሻ» እያላችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ፣ ኤክሴሉም ያንኑ ያነብላችኋል። እኔ የደንበኛ ፊት ላይ አንብቤዋለሁ።

ኢንቬንተር ትንሽ ያደናግራል፤ ምክንያቱም ዝርዝሩ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ አሴምብሊው ውስጥ ያለው ቢል ኦፍ ማቴሪያልስ ነው። ሌላው ድሮዊንጉ ላይ የሚቀመጠው ፓርትስ ሊስት ነው። ሁለቱም ወደ ኤክሴል ይወጣሉ። ልዩነቱ፣ አሴምብሊው ውስጥ ያለው ምንጩ ነው፤ ድሮዊንጉ ላይ ያለው የሱ መልክ ነው። ድሮዊንጉ ላይ ያለውን ቁጥር በእጅ ከቀየራችሁት ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። እኔ ለግዢ ሁልጊዜ ከአሴምብሊው ነው የማወጣው። «ፓርትስ ኦንሊ» የሚለው ትር መጀመሪያ ላይ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ፤ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ መክፈት ነው። ብዙ ልጆች «ኢንቬንተር ይህ የለውም» የሚሉት እዚህ ጋ ተሰናክለው ነው። ለማሳያ ብቻ ያስገባችሁትን ነገር፣ ለምሳሌ ከማሽኑ አጠገብ ያቆማችሁትን የሰው ሞዴል፣ «ሬፈረንስ» በሉት። አለበለዚያ አንድ ሰው ግዙ ይላችኋል።

አውቶካድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙው አሮጌ ድሮዊንግ አሁንም እዚያ ነው ያለው፤ ብዙው ብስጭትም እዚያው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በተራ አውቶካድ የተሳለ ቡሎን ቡሎን አይደለም። መስመርና ክብ ነው። ሶፍትዌሩ «ይህ ቡሎን ነው፤ 32 ነው» ሊላችሁ የሚችለው ቡሎኑ ብሎክ ሆኖ፣ ማለትም መስመሮቹ እንደ አንድ ዕቃ ታስረው ስም ተሰጥቷቸው፣ ከተሠራ ብቻ ነው። ብሎኩ ላይ ደግሞ አትሪቢዩት ካለ፣ ማለትም ስም፣ መጠን፣ ማቴሪያል ከተጻፈበት፣ «ዳታ ኤክስትራክሽን» የሚለው ትዕዛዝ ሁሉንም ለቅሞ ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ሲኤስቪ ያወጣዋል። በገጽ በገጽ እየጠየቀ ይመራችኋል። የመረጣችሁትን ነገር ለብቻው ፋይል አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ከዜሮ አትጀምሩም። አውቶካድ ኤልቲ ላይ ግን ይህን ትዕዛዝ አትፈልጉ፤ የለውም።

ብሎክ ኖሮ አትሪቢዩት ከሌለስ? ቢያንስ መቁጠር ይቻላል። «ቢካውንት» ብላችሁ ጻፉ፤ የኤክስፕረስ ቱልስ ትዕዛዝ ነው፤ የየብሎኩን ብዛት ይደረድርላችኋል። ከ2022 ስሪት ወዲህ ደግሞ «ካውንት» የሚል የተሻለ መሣሪያ መጥቷል።

ድሮዊንጉ ላይ የተቀመጠ ሰንጠረዥ ካለ «ቴብል ኤክስፖርት» ወደ ሲኤስቪ ያወጣዋል። ሰንጠረዡ ግን እውነተኛ የአውቶካድ ሰንጠረዥ መሆን አለበት። አንድ ቀን ከሌላ ቢሮ የመጣ ድሮዊንግ ከፈትኩ። የሚያምር ዝርዝር አለው፤ 60 መስመር። ስነካው ለካ ሰንጠረዥ አይደለም። ሰውዬው መስመሮቹን አንድ በአንድ ስሎ፣ በየሳጥኑ ጽሑፍ ለብቻው አስቀምጦበታል። ትዕግሥቱን አደነቅኩ። ከዚያ 60ውንም መስመር በእጄ ገለበጥኩት።

ፍሪካድ ነፃ ነው፤ የፈቃድ ክፍያ በዶላር ለሚያስጨንቀው ቢሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድሮ ዝርዝር ለማውጣት ማክሮ መፈለግ ነበረባችሁ። በኅዳር 2017፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2024፣ የወጣው 1.0 ስሪት የራሱን አሴምብሊና የራሱን የዕቃ ዝርዝር መሣሪያ ይዞ መጣ። ዝርዝሩ እዚያው ፍሪካድ ውስጥ እንደ ስፕሬድሺት ይቀመጣል፤ ከዚያ በሲኤስቪ ይወጣል። የራሳችሁን ኮለም መጨመር ትችላላችሁ። ከሶሊድወርክስ ጋር ሲነጻጸር ጎልደፍ ይላል። ግን ለ50 መስመር ማሽን ይበቃል፤ እኔ ለተማሪ የምመክረው እሱን ነው።

ኦንሼፕ በብራውዘር የሚሠራ ነው፤ ዝርዝሩን በቀላሉ በሲኤስቪ ይሰጣችኋል። በነፃው አካውንት የምትሠሩት ሥራ ግን ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። ደንበኛችሁ ይህን ያውቃል? ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ሥራውም ይቋረጣል። ፊውዥን ላይ ሰንጠረዡ ከድሮዊንጉ በሲኤስቪ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ስላልተጠቀምኩበት ብዙ አልልም።

የቤት ዕቃ የምትሠሩ ስኬችአፕ ተጠቃሚዎች፣ ይህ ሁሉ ለእናንተ አይደለም። «ኦፕንከትሊስት» የሚባለውን ነፃ ኤክስቴንሽን ጫኑ። ዝርዝሩን በሲኤስቪ ከማውጣቱም በላይ ኤምዲኤፉ ከሙሉ ጣውላ ላይ እንዴት እንደሚቆረጥ ስሎ ያሳያችኋል። ስለ መቁረጥ ከታች እመጣለሁ፤ እዚያ ላይ የእኛን ካዶች ያስከነዳቸዋል።

ሲኤስቪ ወይስ የኤክሴል ፋይል?

ይህን ጥያቄ ሰዎች አቅልለው ያልፉታል። እኔም አልፌው ነበር፤ የቧንቧው ዕለት እስኪመጣ።

ሲኤስቪ ተራ ጽሑፍ ነው። በየመረጃው መሃል ኮማ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ሁሉም ፕሮግራም ስለሚያነበው ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ኤክሴል ሲኤስቪን በደብል ክሊክ ሲከፍት የማሰብ አመል ስላለው ነው። የውሃ ፓምፕ ሥራ ላይ ዝርዝሩ ውስጥ የግማሽ ኢንች ኒፕል ነበር። መጠን በሚለው ኮለም 1/2 ተጽፏል። ኤክሴል አየውና ቀን ነው ብሎ አሰበ። የኮምፒውተሩ አቀማመጥ እንደሚለው ወይ ፌብሩዋሪ 1 ወይ ጃንዋሪ 2 አደረገው። የሦስት ሩብ ኢንቹም 3/4 እንዲሁ ቀን ሆነ።

«ጽሑፍ አድርጌ እመልሰዋለሁ» ብዬ ኮለሙን ወደ ቴክስት ቀየርኩት። ከድጡ ወደ ማጡ። 1/2 በነበረበት ቦታ 45689 የሚል ቁጥር ወጣ። ኤክሴል ቀንን ከ1900 ጀምሮ በቁጥር ነው የሚይዘው፤ 45689 ማለት በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1፣ 2025 ነው። ግማሽ ኢንቹ ከዚያ ፋይል ውስጥ ጠፍቷል። ተመልሶ አይመጣም። ከካዱ እንደገና ማውጣት ብቻ ነው።

ሞኝነቱ የእኔ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። የሰው ጂን (ዘረ መል) ስም የሚያወጡ ሳይንቲስቶች በ2020 «ማርች1» የምትባለውን ጂን «ማርችኤፍ1» ብለው ስሟን ቀይረውላታል። ኤክሴል በተከፈተ ቁጥር ቀን እያደረገ አስቸግሯቸው ነው። እነሱ ጂኑን ሰየሙት እንጂ ኤክሴልን አላሸነፉትም።

ሌሎቹ ጉዳቶች አጠር ያሉ ናቸው። በዜሮ የሚጀምር የዕቃ ቁጥር፣ ለምሳሌ 00125፣ ዜሮዎቹን ጥሎ 125 ይሆናል። በቁጥሮች መሃል የእንግሊዝኛዋ ኢ ያለችበት ኮድ የሂሳብ ቁጥር መስሎት ብዙ ዜሮ ያስከትልበታል። መግለጫው ውስጥ ኮማ ካለና ካዱ በትዕምርተ ጥቅስ ካላጠረው፣ «ቡሎን፣ አይዝጌ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ኮማ የጻፋችሁት ሁለት ኮለም ላይ ተከፍሎ ይሰፍራል። ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር በሙሉ አንድ ቤት ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ብዛቱ ማቴሪያል ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል።

አማርኛ የምትጽፉ ደግሞ ሌላ አለባችሁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ውስጥ፣ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ድሮዊንግ ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል። ወደ ኤክሴል ሲወጣ ግን ፎንቱ አይከተለውም፤ እጅ እግር የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን፣ ሲኤስቪው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ መሆኑን ኤክሴል ካላወቀ፣ በደብል ክሊክ ሲከፈት ይበላሻል። እንዲያውቅ የሚያደርገው ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጥ ሦስት ባይት ምልክት ነው። ምልክቱ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ቦም» ነው፤ የዕቃ ዝርዝሩም ምህጻረ ቃል «ቦም» ነው። ስለዚህ የእኛ ቦም ቦም ስለሌለው ተበላሸ ማለት ነው። ይህን ለጋሼ ላስረዳ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ካዱ በቀጥታ የኤክሴል ፋይል የሚያወጣ ከሆነ ኤክሴል ውሰዱ። አማርኛው አይበላሽም፤ ኮማው አያስቸግርም። ሲኤስቪ ብቻ ካለ፣ በደብል ክሊክ አትክፈቱት። ባዶ ኤክሴል ክፈቱና «ዳታ» ከሚለው ትር «ፍሮም ቴክስት» በሉ። ፋይሉ 65001 ዩኒኮድ መሆኑን ምረጡ፤ የዳታውን ዓይነት እንዳይገምትም ንገሩት። ሊብሬኦፊስ ካላችሁ ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው። ሲኤስቪ ሲከፍት ራሱ መስኮት አውጥቶ ይጠይቃችኋል፤ የመጠኑን ኮለም «ቴክስት» ማለት ብቻ ነው። በዚህ ነገር ነፃው ከተገዛው ይሻላል። ጎግል ሺትስ ላይም ስታስገቡ ጽሑፉን ወደ ቁጥርና ወደ ቀን እንዲቀይር የሚያደርግ ሳጥን አለ፤ ምልክቱን አንሱለት።

ብረቱ 6 ሜትር መሆኑን ካዱ አያውቅም

ይህ የትኛውንም ሶፍትዌር ብትመርጡ ያገኛችኋል። ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ቤርጋ ነው። ዝርዝሩ ላይ «ቱቦላሬ 40 በ40፣ 2,100 ሚሜ፣ 5 ቁራጭ» ይላል እንበል። ኤክሴል ላይ ታባዛላችሁ፤ 10.5 ሜትር። ለ6 ታካፍላላችሁ፤ 1.75። ወደ ላይ ታጠጋጋላችሁ፤ 2 ቤርጋ። ልክ ይመስላል።

መጋዙ ጋ ስትደርሱ ግን ከአንድ ቤርጋ የሚወጣው 2 ቁራጭ ብቻ ነው። ሦስተኛው 6.3 ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ 5 ቁራጭ ለማግኘት 3 ቤርጋ መግዛት አለባችሁ፤ ከሁለቱ ላይ 1.8 ሜትር፣ 1.8 ሜትር ይተርፋል። ድምሩን ብቻ ያየ ግዢ አንድ ቤርጋ ይጎድለዋል። ከቡሎኑ የከፋው ይህ ነው፤ 6 ሜትር ብረት በታክሲ አይመጣም።

ስለዚህ ስታወጡ ርዝመቱ ለብቻው ኮለም ሆኖ መውጣቱን አረጋግጡ። ሶሊድወርክስ ላይ ፍሬሙን በዌልድመንት (ለሚበየድ ፍሬም በተዘጋጀው መሣሪያ) ከሠራችሁት፣ የመቁረጫ ዝርዝሩ ርዝመቱን ይይዛል። ብረቱን እንደ ተራ ፓርት ኤክስትሩድ ካደረጋችሁት ግን ርዝመቱ የትም አይጻፍም። አቆራረጡን እኔ እስካሁን በወረቀት ነው የማሰላው። ኦፕንከትሊስት ላይ የቀናሁት ለዚህ ነው፤ ረጅም ብረትንም እንደ ጣውላው ሁሉ አቆራርጦ ያሳያል።

ድሮዊንጉ ሲቀየር

ኤክስፖርት ፎቶ ነው። ድሮዊንጉ ነገ ሲቀየር ትናንት ያወጣችሁት ኤክሴል አይሰማም። ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ያወጣው ሺት ላይ ዋጋ፣ የሻጭ ስም፣ ማስታወሻ መጻፍ ነው። ድሮዊንጉ ተቀየረ፤ እንደገና አወጣ፤ የጻፈው ሁሉ የለም።

እኛ ቢሮ አሁን አንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ሺት እናደርጋለን። የመጀመሪያው ላይ ከካድ የወጣው ብቻ ይለጠፋል፤ ማንም አይነካውም። ሁለተኛው የዋጋ ሺት ነው፤ የዕቃ ቁጥር፣ የገበያ ስም፣ የመጨረሻ ዋጋ፣ ዋጋው የተጠየቀበት ቀን። ሁለቱን «ቪሉክአፕ» የሚባለው የኤክሴል ፎርሙላ በዕቃ ቁጥሩ ያገናኛቸዋል። ድሮዊንጉ ሲቀየር የመጀመሪያውን ሺት አጥፍተን አዲሱን እንለጥፋለን። ዋጋው ራሱ ይከተላል። አዲስ የተጨመረ ዕቃ ካለ ዋጋ ስላልተገኘለት በስህተት ምልክት ራሱን ያሳብቃል፤ ያ ለእኔ ጥቅም ነው። ይህ እንዲሠራ ግን እያንዳንዱ ዕቃ የማይቀየር የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ሥራው ካድ ውስጥ፣ ፓርቱ ሲወለድ ነው የሚጀምረው።

የገበያ ስም ያልኩት ቀልድ አይደለም። የካዱ ላይብረሪ «ሄክስ ቦልት» ይላል፤ መርካቶ ላይ ቡሎን ነው። «ነት» ዳዶ ነው፤ «ዋሸር» ሮንደላ ነው። «ፒሎው ብሎክ ዩሲፒ205» የሚለው መስመር አጠገብ «ኩሽኔታ ከነቤቱ፣ ለ25 ዘንግ» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ሻጭ ደግሞ ቡሎኑን የሚያውቀው በቁልፉ ነው፤ ኤም8 ስትሉት «የ13 ነው?» ይላችኋል። ልክ ነው፤ የኤም8 ራስ 13 ቁልፍ ነው የሚይዘው። ኤም10 ላይ ግን እንደ ስታንዳርዱ 16ም 17ም አለ፤ ስለዚህ በቁልፉ ቁጥር ብቻ አትስማሙ።

ፋይሉን ስትልኩ

ሁለት ጥያቄ ብዬ የጀመርኩትን አስታውሱ። የሚከፍተው ማነው? ለሂሳብ ክፍል የኤክሴል ፋይል። ለሌላ ካድ ወይም ለስቶክ ፕሮግራም ሲኤስቪ። ለወርክሾፕ ደረጃ ያለው ዝርዝር፣ ምስል ያለው፣ ታትሞ። ለሻጭ በቴሌግራም ከሆነ ፒዲኤፍ። ሻጩ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ በስልኩ፣ በአንድ እጁ ነው የሚከፍተው። ኤክሴል ስትልኩለት ወይ አይከፈትለትም፣ ወይ ብዛት የሚለው ኮለም ከስክሪኑ ውጪ ይቀራል።

ለጋሼ ደግሞ ወረቀት። አንድ ገጽ፣ ተለቅ ባለ ፊደል፣ የገበያው ስም ከፊት፣ ብዛቱ አጠገቡ። መጨረሻ ላይ ሁለት ባዶ ኮለም እተዋለሁ፤ አንዱ ለዋጋ፣ አንዱ ለምልክት። በእስክሪብቶ ይሞሉታል። ማታ ሲመለሱ እኔ ዋጋውን ወደ ሁለተኛው ሺት አስገባለሁ። ባለፈው ጊዜ ወረቀቱን ሲቀበሉኝ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ «ቡሎኑ ተባዝቷል?» አሉኝ።